እንግዳው ፍጡር የማንን ገላ ለበሰ?

በአማርኛ «እንግዳ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። በአንዱ ፊት መሽቶበት ደጅ የቆመ፣ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ የተጣራ፣ እግሩ ታጥቦ ከማዕድ የሚቀርብ ሰው ነው። በሌላው ፊት ታይቶ የማይታወቅ፣ ከልማድ የወጣ፣ ሲያዩት ልብ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ቃል የጠቀለለው ቃል አጥሮት አይደለም። ደጅ የቆመው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሆን የሚወስነው የቤቱ ባለቤት እንጂ መጤው አለመሆኑን የሚያውቅ ሕዝብ የፈጠረው ቃል ይመስላል።

ይህ አሮጌ ቃል ዛሬ አዲስ ሸክም ተጭኖበታል። ከምድር ውጭ ይኖራል የሚባል፣ ማንም ያላየው እንግዳ ፍጡር በኮምፒዩተር ላይ መቅረጽና ማቅለም በፊልም፣ በጨዋታና በአኒሜሽን ዘርፍ የተሠማሩ ከያንያን የሚተዳደሩበት ሙያ ሆኗል። ሙያው ቴክኒካዊ ብቻ መስሎ ስለሚታይ ስለ እርሱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የመሣሪያ አጠቃቀም መመሪያ ነው። ከመመሪያዎቹ ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ ተዘሎ ቀርቷል፤ እርሱም የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ሕልውና በሌለው ፍጡር አማካይነት ሕልውና ያለውን ሰው መበደል ይቻላልን? የሚቻል ከሆነስ በደሉ የሚፈጸመው ከሥራው በየትኛው እርከን ላይ ነው?

ጥያቄውን ለመመርመር በቅድሚያ ሥራውን ማወቅ ያሻል። ቀራጩ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከአንዲት ድቡልቡል ኳስ ነው። የኳሷ ገጽ ባለ ሦስትና ባለ አራት ማዕዘን የሆኑ ጥቃቅን ቁራጮች ተያይዘው የሠሩት መረብ ነው። መረቡ አንድ ጊዜ በተከፋፈለ ቁጥር እያንዳንዱ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ አራት ስለሚሆን፣ በጥቂት መቶ ቁራጮች የተጀመረ ራስ የቆዳው ሽብሽብ እስኪታይ ድረስ ሲሠራ ብዙ ሚሊዮን ቁራጮችን ይይዛል። ቀራጩ የእጅን ጫና በሚለይ ብዕር እየተጠቀመ በአንዱ ብሩሽ ይለጥፋል፣ በሌላው ይቦረቡራል፣ በሦስተኛው ይቆነጥጣል፣ በአራተኛው ያለሰልሳል። የሙያው ቋንቋ ከጭቃ ሠሪ የተወረሰ ነው፤ ቁስ የሚጨምረው ብሩሽ ስሙ «ሸክላ» ነው። በሙያው ውስጥ ስመ ጥር የሆነው ዚብረሽ የተባለ ሶፍትዌር ሲከፈት ለቀራጩ የሚያቀርበው ቁስ ቀይ ሰም መሳይ ነው። ክብደትም ሽታም የሌለው ነገር እንኳ የጭቃን ስምና የሰምን መልክ ሳይዋስ ለሰው እጅ አልገዛም አለ ማለት ነው።

ጭቃ ሠሪ ያልነበራት ጸጋም አለው። ቀራጩ ከፈለገ በቀኝ ጉንጭ ላይ ያደረገው ሁሉ በግራው ላይ ያለ ተጨማሪ ድካም ይደገማል። የተሳሳተው ነገር ሁሉ ደግሞ በአንዲት ቁልፍ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ቅርፁ ሲያልቅ ቆዳው ይገፈፋል። ይህ አነጋገር ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ቀራጩ በፍጡሩ ገላ ላይ፣ ዐይን በማያዘወትረው በኩል፣ የስፌት መስመር ያሰምርና ገጹን እንደ ተወጠረ ቆዳ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ይዘረጋዋል። ቀለሙ በዚህ ዝርግ ቆዳ ላይ ይቀመጥና ተመልሶ በገላው ላይ ይለበሳል። ቀለሙም አንድ አይደለም። አንዱ ሽፋን መልኩን፣ ሁለተኛው የቱ ጋ እንደሚያበራና የቱ ጋ እንደሚደርቅ፣ ሦስተኛው ብርሃን ወደ ሥጋው ምን ያህል ዘልቆ እንደሚመለስ ይወስናል። ፀሐይ ከኋላዋ የመታት ጆሮ ለምን እንደምትቀላ ያላስተዋለ ሠዓሊ የሚቀባው ቆዳ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል።

መሣሪያውም የባለጸጋ አገሮች ብቻ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ብሌንደር የተባለውን ሶፍትዌር ቶን ሮዘንዳል የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1994 ጀመረው። ባለቤት የነበረው ኩባንያ በ2002 ሲዘጋ ተጠቃሚዎቹ በሰባት ሳምንት ውስጥ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ነፃ አወጡት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል። ላትቪያዊው ጊንትስ ዚልባሎዲስ በዚሁ መሣሪያ የሠራው «ፍሎው» የተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2025 የኦስካርን የአኒሜሽን ሽልማት ወስዷል።

ስለዚህ ጥያቄው ለሆሊውድ ብቻ የሚተው አይደለም። በወላይታ ዞን፣ የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጉኑኖ የሚኖር አንድ ወጣት፣ ኮምፒዩተርና መብራት እስካገኘ ድረስ፣ የሎስ አንጀለሱ ቀራጭ በሚሠራበት መሣሪያ ሊሠራ ይችላል። ጉኑኖም ለዚህ ክርክር እንዲያው የተጠራች ሥፍራ አይደለችም። የአካባቢዋ ምድር ጥልቅ ቀይ አፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ባካሄደው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ከተቋቋሙት ጣቢያዎች አንዱ በጉኑኖ ተተክሎ ዝናብ ከማሳው ጠርጎ የሚወስደው አፈር ሲለካ ኖሯል። አፈር እዚህ የሚመዘን፣ ሲሄድም የሚታዘንለት ነገር ነው። አፈርን በእጃቸው ለሚያበጁ ሰዎች የወላይታ ኅብረተሰብ ለረጅም ዘመን ሰጥቶት የቆየው ሥፍራ ደግሞ ስለ እንግዳ ፍጡር አሠራር ከማንኛውም መመሪያ የበለጠ ያስተምራል። ወደዚያ ከመድረስ በፊት ግን አንድ ተቃውሞ መመለስ አለበት።

ተቃውሞው ቀላልና ጠንካራ ነው። ምናብ አይከሰስም ይላል። በሩቅ ኮከብ ዙሪያ ይኖራል ተብሎ የተፈጠረ ባለ ስድስት ዐይን ፍጡር ጎረቤት የለውም፣ ዘመድ የለውም፣ በእርሱ የሚያፍር ልጅ የለውም፤ አስቀያሚ ቢደረግ የሚጎዳ ማን ነው? ከያኒን ለማይኖር ፍጡር ተጠያቂ ማድረግ ነፃነቱን መግፈፍ ነው። ይህ አስተያየት ሊናቅ አይገባም፤ በሥነ ምግባር ስም የሰውን ብዕርና ብሩሽ የሚቀማ ሳንሱር ይህች አገር በየዘመኑ አይታለች። ይሁን እንጂ ተቃውሞው የቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም እንግዳው ፍጡር ከምንም ተሠርቷል የሚል ነው። ምሰሶው ሲነካ ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ለእይታ የበቃው፣ ሪድሊ ስኮት ያዘጋጀው «ኤሊየን» የተባለው ፊልም በዚህ ሙያ ውስጥ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ይቆጠራል። የዛሬዎቹ ቀራጮች የሚያበጇቸው ፍጡራን ብዙዎቹ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የዚያ ፊልም ፍጡር ልጆች ናቸው። ነዳፊው ስዊሳዊው ሠዓሊ ሃንስ ሩዲ ጊገር ኮምፒዩተር አልነበረውም፤ በፕላስቲሲን፣ በአጥንትና በቱቦ ሠራው። በፍጡሩ ራስ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ከሚያሳልፈው ሽፋን ሥር የተተከለው የሰው የራስ ቅል ነው። የራሱን እንቅስቃሴ ጣሊያናዊው ካርሎ ራምባልዲ በመካኒክ ዘዴ ሠራለት። ልብሱን ለብሶ የሚራመድ ገላ ግን ይፈለግ ነበር።

የተገኘው ገላ የናይጄሪያዊው የቦላጂ ባዴጆ ነበር። ባዴጆ እ.ኤ.አ. በ1953 በሌጎስ የተወለደ፣ በወጣትነቱ በኢትዮጵያ ቆይቶ ሥነ ጥበብ ያጠና፣ ኋላም በለንደን በዚያው መስክ ትምህርቱን የቀጠለ ሰው ነው። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ፣ እጅና እግሩ ቀጭንና ረጃጅም ነበሩ። ለፊልሙ ተዋናይ የሚያፈላልግ ሰው በለንደን መጠጥ ቤት ውስጥ አየው። ልብሱ በእርሱ ገላ ልክ ተሠራ። አረማመዱ ከሰው የተለየ እንዲሆን የታይ ቺና ያለ ቃል በአካል የመተወን ትምህርት ወሰደ። ጅራቱ በወንበር አላስቀምጥ ስላለው ልዩ መወዛወዣ መቀመጫ ተበጀለት። ተመልካች ሁሉ በፍጡሩ ደነገጠ፤ በውስጡ ያለውን ሰው ግን ስሙን ያወቁት ጥቂቶች ናቸው። ባዴጆ ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ1992፣ በ39 ዓመቱ፣ ሲክል ሴል በተባለ የደም ሕመም አረፈ።

ጊገርም ሆነ ስኮት አፍሪካዊን ለማዋረድ አስበው ሠሩ ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም። የፈለጉት እጅግ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበር፤ አገኙም። ይህን ምሳሌ ከባድ የሚያደርገው ክፋት አለመኖሩ ነው። ሰው ያልሆነ ገላ ሲፈለግ ዐይን ሄዶ ያረፈው በአንድ ጥቁር የሥነ ጥበብ ተማሪ ላይ ነው፤ ቀራጭ ሊሆን ይችል የነበረው ሰው የቅርፁ እንጨት ሆነ። ከምንም ተሠራ የተባለው ፍጡር ሲገለጥ ደግሞ በግንባሩ የሰው ቅል፣ በውስጡ የሰው ገላ ተገኘ።

ነገሩ የሆሊውድ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሩቅ ሰው ጉዳይ ተብሎ በታለፈ ነበር። ኢትዮጵያውያን ግን ብሩሽም ሶፍትዌርም ሳያሻቸው እንግዳ ፍጡር ቀርጸው በጎረቤታቸው ገላ ላይ ሲያለብሱ ኖረዋል። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የተቀረጸው ፍጡር ቡዳ ይባላል። ቀን ብረት የሚቀጠቅጥ ወይም ሸክላ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ በዐይኑ ሰው ይበላል። ሌሊት በተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ የሰው ጉትቻ ተገኘ የሚለው ተረት፣ ዛሬ ዲጂታል ቀራጭ ፍጡሩ እውነት እንዲመስል ከሚጨምራት ጭረት ወይም ጠባሳ ጋር አንድ ነው። ትንሿ ዝርዝር ትልቁን ውሸት ታሳምናለች። በጎንደር አቅራቢያ በወለቃ መንደር ሸክላ ሲሠሩ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ይህ ቆዳ በገላቸው ላይ ተሰፍቶ ነበር። ትናንሽ የሸክላ ምስሎቻቸውን መንገደኛው እየገዛ ያደንቃል፤ ሠሪዎቹ ግን በጅብነት ይጠረጠራሉ። ከመካከላቸው አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ዘመቻዎች ጊዜ አገራቸውን ለቀው ሄደዋል።

በወላይታ ሸክላ ሠሪዎች ጭናሻ፣ ቆዳ ፋቂዎች ደጋላ ይባሉ ነበር፤ ስሞቹን ዛሬ ብዙዎች እንደ ስድብ ይቆጥሯቸዋል። አርሶ አደሩ ከሸክላ ሠሪዋ ድስት፣ ምጣድ፣ ጀበናና እንስራ ይገዛል። በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲደርስ ምግቡ የሚሰናዳው በእርሷ እጅ በተሠራ ዕቃ ነው። ሆኖም ከእርሷ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም፣ ልጁን ለልጇ አይድርም፣ የሙታኖቻቸውም ማረፊያ የተለየ ነበር። ድስቷ ጓዳ ትገባለች፣ ሠሪዋ ከደጅ ትመለሳለች። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ንጹሕ ያልሆነ ሥጋ ይበላሉ የሚል ነበር። ከምክንያቱ ሥር ያለው ተጨባጭ ነገር ግን መሬት ነው። የእርሻ መሬት ባለቤትነት በልማድ የተነፈገው ሰው ከአፈር የሚያገኘው ሸክላውን ብቻ ነው። መሬት አልባነቱ ሙያውን ወለደ፣ ሙያው ስሙን ወለደ፣ ስሙም በተራው መሬት ለመንፈግ ምክንያት ሆኖ አገለገለ።

የሴቲቱ ሥራ ምን ያህል ዕውቀት እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ንቀት ሲያስብ ይገረማል። ሸክላው ከሚታወቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ በጀርባ ይመጣል፤ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ የተፈጨ ገል ወይም ሌላ ሻካራ ነገር ይገባበታል። ዕቃው ያለ መሽከርከሪያ በእጅ ይነሣል፤ ግድግዳው የቱ ጋ እንደሳሳ የምታውቀው በጣቷ ጫፍ ነው። ከዚያ በሜዳ ላይ በተከመረ ሣርና እንጨት ይተኮሳል። በዚህ ጊዜ ነፋስ ቢነሣ ወይም ዕቃው ሳይደርቅ ቢቸኮል የብዙ ቀን ድካም በአንድ ሰዓት ውስጥ ገል ይሆናል። ወደ ኋላ የምትመልስ ቁልፍ የላትም።

በዚህች ሴት ላይ ኅብረተሰቡ ያካሄደው ቅርፃ ቅርፅ ግን ከዲጂታሉ ጋር በእርከን በእርከን ይመሳሰላል። በመጀመሪያ አንዲት እውነተኛ ነጥብ ትወሰዳለች፤ የምግብ ልዩነት፣ ከመንደር ወጣ ብሎ መኖር፣ በጭቃ የቀላ እጅ። ነጥቧ በሚለጥፈው ብሩሽ ታብጣለች። ቀጥሎ ማለስለሻው ይመጣና የአንዷን ሴት ደግነት፣ የሌላዋን ቀልድ፣ የሦስተኛዋን ሐዘን ይፍቃል፤ ሁሉም አንድ ፊት ይሆናሉ። ከዚያ በአንድ ጎን የተደረገውን በሌላው የሚደግመው ዘዴ ይሠራል፤ አንዱ አደረገ የተባለው በአባቱም፣ በልጁም፣ ገና ባልተወለደውም ላይ ይታተማል። በመጨረሻ ቆዳው ይለበሳል። ቆዳው የሚለበሰውም ስፌቱ ዐይን በማያዘወትረው በኩል እንዲሆን ተደርጎ ስለሆነ፣ የተቀረጸ መሆኑን ሰው ይረሳና ተፈጥሮ ነው ይላል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ በእጁ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ በመሬት የመጠቀም መብት ሰጠ፤ ከንቀቱ ሥር ያለውን ምክንያት የነካ እርምጃም እርሱ ነበር። ይሁንና ማዕድ፣ ጋብቻና መቃብር በአዋጅ ፍጥነት አልተራመዱም። በሶፍትዌሩ ውስጥ በአንዲት ቁልፍ የሚሻረው ነገር በኅብረተሰብ ውስጥ ሦስት ትውልድ ይፈጃል።

እንግዲህ ምናብ አይከሰስም የሚለው ክርክር የሚገጥመው ምስክር ይህ ነው። ጅብ የሚሆን ሰው ኖሮ አያውቅም፤ በእርሱ ምክንያት የተገፉት ግን ኖረዋል። የማይኖር ፍጡር ሁልጊዜ በሚኖር ሰው ላይ ይቆማል።

የሰው እጅ እንግዳን በሌላ መንገድ ሊቀርጽ እንደሚችል ደግሞ የኢትዮጵያ ሥዕል ራሱ ያሳያል፤ ችግሩንም መፍትሔውንም ይዟል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ከጎን፣ በአንድ ዐይን። ከዓድዋ ድል በኋላ በተሣሉት የጦርነት ሥዕሎችም ኢትዮጵያውያኑ በሁለት ዐይን ሲያዩ ጣሊያኖቹ በጎናቸው ቆመው አንድ ዐይን ብቻ አላቸው። ሕጉ ሲታይ የዋህ ይመስላል፤ ጥልቀቱ ግን አስገራሚ ነው። የሠዓሊው ፍርድ ያረፈው በቀንድ ወይም በጥርስ ላይ ሳይሆን በእይታ ላይ ነው። ሁለት ዐይን ያለው ተመልካቹን መልሶ ያያል፤ ባለ አንድ ዐይኑ የሚታይ እንጂ የሚያይ አይደለም። ጥንታውያኑ ሠዓልያን እንግዳን ከሰውነት የሚያስወጣው የመልኩ አስቀያሚነት ሳይሆን የመመልከት መብቱ መነፈግ መሆኑን አውቀውታል፤ ያወቁትን ግን በጠላት ላይ ለመፍረድ ተጠቀሙበት።

እስክንድር ቦጎሲያን ይህን ሕግ ገለበጠው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1937 በአዲስ አበባ የተወለደው እስክንድር በለንደንና በፓሪስ ተምሮ፣ ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሮ፣ ከዚያም በአሜሪካ ኖሮ በ2003 ያረፈ ሠዓሊ ነው። በ1964 የሣለውና «የሥጋትና የሐሤት የሌሊት በረራ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ርዕስ ያለው ሥዕሉ በሌሊት ሕዋ ውስጥ የሚያንዣብቡ ክንፋም ፍጡራን የሞሉበት ነው። ወፍ ናቸው እንዳይባል ወፍ አይደሉም፣ ሰው ናቸው እንዳይባል ሰው አይደሉም። የማንንም ብሔር ጠባሳ፣ የማንንም ገበሬ ከንፈር አልተዋሱም። ያስፈራሉ፣ ደስም ያሰኛሉ፤ ርዕሱም ሁለቱን ሳይለያይ ይዟል። ከእነርሱ ማንኛቸውም ሰውን መስለው ለመወደድ አልተገደዱም። ይህ ነጥብ መጤን አለበት፤ እንግዳን አስፈሪ ማድረግ አንድ በደል ሲሆን፣ እንደ ባለቤቱ አድርጎ አስውቦ «አትፍሩት፣ እንደ እናንተ ነው» ማለት ደግሞ ሌላ፣ ይበልጥ ጨዋ የሆነ በደል ነው። እንግዳ የሚከበረው እንግዳ እንደሆነ ሳለ ነው።

በመልካም ሐሳብ የተነሣ ሥራም ወጥመዱን ላያመልጥ ይችላል። በደቡብ አፍሪካዊው ኒል ብሎምካምፕ እ.ኤ.አ. በ2009 የተሠራው «ዲስትሪክት 9» ፊልም በጆሃንስበርግ ሰፈር ታጉረው የሚኖሩ የሕዋ ፍጡራንን በኮምፒዩተር ቀርጾ፣ ተመልካቹ ለእነርሱ እንዲያዝን በማድረግ የአፓርታይድን ግፍ ያስታወሰ ሥራ ነው። ለፍጡራኑ ሲሟገት ግን ናይጄሪያውያንን ወንበዴና የፍጡራኑን ሥጋ የሚበሉ አድርጎ አቀረበ፤ የናይጄሪያ መንግሥትም ፊልሙ በአገሩ እንዳይታይ አገደ። ከአንዱ ገላ ላይ የወለቀው ቆዳ ሜዳ ላይ አልወደቀም፣ ሌላውን አለበሱት።

በደሉ ከሥራው በየትኛው እርከን ላይ ይገባል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይወጣል። የዐይን ቁጥር፣ የክንድ ብዛት፣ የጥርስ ስለት በራሳቸው ማንንም አይበድሉም፤ ሕፃናት እንኳ ጭራቅን ይወዳሉ። አደጋው ያለው ቆዳው በሚለበስበት እርከን ነው። የዛሬ ዲጂታል ቀራጭ የፍጡሩን ቆዳ ከባዶ አይቀባም። በገበያ ላይ ከሕያዋን ሰዎች ፊትና እጅ ፎቶግራፍ የተነሣ ቆዳ ይሸጣል፤ ያን ገዝቶ ቀለሙን ይለውጣል፣ ከእንሽላሊት ወይም ከዝሆን ቆዳ ጋር ያዋህደዋል። ፍጡሩ ሲንቀሳቀስም በውስጡ ተዋናይ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው «አቫታር» ሰማያዊዎቹ ፍጡራን የተንቀሳቀሱት በሰዎች አካልና ፊት እንቅስቃሴ ነው። የባዴጆ ልብስ ከላስቲክ ወደ ቁጥር ተለወጠ እንጂ ባዶ አልሆነም። የኦሞ ሸለቆ ሕዝቦች የከንፈር ሸክላና የገላ ጠባሳ «ከሌላ ዓለም የመጣ» ለማስመሰል ከፎቶግራፍ ላይ ሲገለበጥ ባለቤቶቹ በሕይወት አሉ፣ ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ አንድ ቀንም ፊልሙን ያዩታል።

እዚህ ላይ የቃል ትእዛዝ ተቀብለው በሴኮንዶች ውስጥ ምስል የሚያወጡ አዳዲስ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ሊጠቀሱ ይገባል። እነርሱም የሚሠሩት ከዚህ ቀደም ከተከማቹ የሰው ሥራዎችና ፊቶች ነው፤ ግን ማን ከማን እንደተወሰደ በሂደቱ ይሰወራል። በብዕር የሚቀርጽ ሰው ቢያንስ ለእያንዳንዷ ሽብሽብ ይዘገያል፤ በዚያ መዘግየት ውስጥ «ይህን ከየት አመጣሁት?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ አለው። አልጠየቀም ማለት ጊዜ አልነበረውም ማለት አይደለም።

የጉኑኖው ወጣት በዚህ ረገድ ከሎስ አንጀለሱ ቀራጭ የሚበልጥበት ነገር አለ። ቀይ ሰም የሚመስለውን ቁስ ስክሪኑ ላይ ሲያሽከረክር፣ እውነተኛው ቀይ አፈር በደጁ ነው። በእሳት የነደደ ሸክላ ላይ የሚቀረው ጥቁር የጢስ ጥላ፣ በደረቀ ጭቃ ላይ የሚሄደው ስንጥቅ፣ ለዓመታት ሸክላ ያነሣ እጅ መዳፍ ላይ ያለው መስመር፣ በገበያ ከሚሸጠው ቆዳ ሁሉ የተለየና ማንም ያልነካው ሀብት ነው። ለእንግዳ ፍጡር ቆዳ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ይህን ሀብት ግን እንዳገኘ ቢያነሣው፣ አያቶቹ ለሸክላ ሠሪዋ ቀርጸው ያለበሷትን ፍጡር እርሱ በአዲስ መሣሪያ ጨርሶ ቀለም ቀባው ማለት ይሆናል።

ስለዚህ ካሜራውን ይዞ ሲሄድ ደጇ ላይ ቆሞ መጣራት ይኖርበታል። ምስሉ ለምን እንደሚፈለግ በቋንቋዋ ሊነግራት፣ ፍጡሩን በኮምፒዩተሩ ላይ ሊያሳያት፣ ምን እንደመሰላት ሊጠይቃት ይገባል። እጇ በየትኛው ፍጡር ላይ እንዲለበስ እንደምትፈቅድ፣ በየትኛው ላይ እንደማትፈቅድ፣ ዋጋው ስንት እንደሚሆን፣ ስሟ ከሥራው ጋር ይጻፍ ወይም አይጻፍ እንደሆነ፣ ቀርቦ ቡና እየተጠጣ የሚነጋገሩበት ነው፤ ያውም ቡናው የሚፈላበት ጀበና የማን ሥራ እንደሆነ እየታየ።